የባቄላ ባክቴሪያ ማዳበሪያ፦ ለምርምሩ ገንዘብ ስንጠይቅ በጀቱ ምን ላይ ይዋል?

ጥያቄ፦ ለአነስተኛ ገበሬዎች የሚሆን የራይዞቢየም (በባቄላ ሥር ላይ እባጭ ሠርቶ ከአየር ናይትሮጅን ለተክሉ የሚያቀርብ ባክቴሪያ) ማዳበሪያ ምርምር ፕሮፖዛል እያዘጋጀን ነው። ከላብራቶሪ ዕቃ ሌላ ምን ይካተት?

መልስ፦ ማጓጓዣና ቀዝቃዛ መጋዘን። ባክቴሪያው ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ሙቀትና ፀሐይ ይገድለዋል። ይህ ካልተያዘ ገበሬው እጅ የሚገባው የሞተ ዱቄት ነው። አምራች ድርጅትም ከመጀመሪያው አጋር ይሁን፤ አለዚያ ውጤቱ መደርደሪያ ላይ ይቀራል።

መልስ፦ ለማሳ ሙከራው ለማነጻጸሪያ የሚሆን ባክቴሪያ ያልነካው መደብ የግድ ነው። የማዳበሪያው መጠን ለሄክታር 500 ግራም፣ ለሩብ ሄክታር 125 ግራም። ዘሩን በስኳር ውሃ አርጥቦ ጥላ ሥር ከማዳበሪያው ጋር ማሸትና ወዲያው እርጥብ አፈር ላይ መዝራት። ፀረ-ፈንገስ ከተቀባ ዘር ጋር አይሆንም። አፈሩ አሲዳማ ከሆነ የኖራ ወጪም ይያዝ፤ ብዙዎች የሚረሱት እሱን ነው።

መልስ፦ አበባ ሲይዝ ከሥሩ ላይ እባጮቹን ሰንጥቁ። ውስጣቸው ሮዝ ከሆነ እየሠሩ ነው። ርካሽ መለኪያ ነው።