«ወንበሩን ይጠብቅለት»?

የማታ ተማሪ፦ ትናንት እዚህ አንዱ «ሠራተኛው ይማር፣ ሥራ አጡ ወንበሩን ይጠብቅለት፤ ሁለቱም ያተርፋሉ» ብሎ ለጥፎ ላይክ ሲዘንብለት ዋለ። ይጠብቅለት? ዘበኛ ነው እንዴ?

ቆቅ፦ ለጣፊው እኔ ነኝ፣ ስሜን ጥራ። «የሥራ ዙር» ይባላል፦ ቋሚው ሠራተኛ አበል እየተከፈለው ይሠለጥናል፣ ቦታውን ሥራ ፈላጊ ይይዛል። «ልምድ የለህም» እየተባለ የተመለሰ ሰው ሲቪው ላይ የሚጽፈው ያገኛል። ዴንማርኮች ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ የሠሩበት ሞኝ ሆነው ነው?

ሒሳብ ሹም፦ ከጠራህ ሙሉውን ጥራ። በዴንማርኩ ሕግ ሠራተኛው ከሥራ የሚወጣበት ሦስት ዓይነት ፈቃድ ነበር። የትምህርቱ «ተተኪ ቅጠሩ» ብሎ አያስገድድም ነበር። ግዴታው ያለው በዕረፍቱ ፈቃድ ላይ ነበር። እሱም ብዙ አልቆየ።

የማታ ተማሪ፦ ፊንላንድም በ1996 የጀመረችውን ተመሳሳይ ፈቃድ በ2024 ዘጋችው።

ቆቅ፦ የፊንላንዱ ሥልጠና አይጠይቅም ነበር፤ ሶፋ ላይ ተጋድመህም ታሳልፈው ነበር። ተተኪው ግን የተመዘገበ ሥራ አጥ መሆን ነበረበት። ደግሞ 28 ዓመት የኖረ ነገር ከሸፈ ይባላል? ጀርመንም በ2002 ሠራተኛው ሥልጠና ላይ ሳለ፣ ቢበዛ እስከ አንድ ዓመት፣ የተተኪውን ደመወዝ ከግማሽ እስከ ሙሉ ለአሠሪው መደጎም ጀምራ ነበር።

የማታ ተማሪ፦ «ይጠብቅለት»ን አልመለስክም።

ሳቂታ፦ እኔ ልመልስልህ፣ ስድስት ወር ጠብቄያለሁ። የባለቦታዋ ሹራብ ወንበሩ ላይ እንደተሰቀለ ነበር። ኮምፒውተሩን የምከፍተው በእሷ ፓስዎርድ። ደንበኛ በእሷ ስም ሲጠራኝ መጨረሻ ላይ «አቤት» ማለት ጀመርኩ። እሷ ሠርተፊኬት ይዛ መጣች፣ እኔ ሹራቧን አጥፌ አስረከብኩ።

ቆቅ፦ እህቴ፣ የአሠሪሽን ጥፋት ሐሳቡ ላይ አትለጥፊ። ተተኪው መጀመሪያ ራሱ ይሠልጥን። ከባለቦታው ጋር ጥቂት ሳምንት አብሮ ይሥራ። ሲጨርስ ሌላ ሠራተኛ ይወጣል፣ እሱ ወደዚያ ይዞራል። ዙር የተባለው ለዚህ ነው።

ሳቂታ፦ ዞሬ ዞሬ ቤቴ ገባሁ።

ሒሳብ ሹም፦ 😂 ዙሩ ትልቅ ድርጅት ውስጥ ያስኬዳል። አምስት ሠራተኛ ያለው ቤት ማን ወጥቶ ማን ይዞራል?

ቆቅ፦ አንተ አሠሪ ነህ መሰለኝ።

ሒሳብ ሹም፦ ተቀጣሪ ነኝ። ሥልጠና ልሂድ ካልኩ ሁለት ዓመቴ። «የሚተካህ ጠፋ» ይሉኛል።

ቆቅ፦ ታዲያ እኔ ምን አልኩ?!

የማታ ተማሪ፦ «ወንበሩን ይጠብቅለት» ነው ያልከው።