«ብራንዲ»ን በአማርኛ ምን እንበለው?

ከወይን ጠጅ ለሚወጣው ጠንካራ መጠጥ፣ ለብራንዲ፣ የአማርኛ ስም ስንፈልግ ወንድምዓለም «የተቃጠለ ወይን» እንበለው ብለሃል፤ ከቃሉ ሥር ካየነው ልክ ነህ። ሆላንዶች «ብራንደዋይን» ይሉታል፤ ፍቺውም ያው ነው። እንግሊዞች በ17ኛው ክፍለ ዘመን ወሰዱትና ጭራውን ቆርጠው «ብራንዲ» አሉት። ግን እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። «የተቃጠለ» ስትለኝ የሚታየኝ የተበላሸ አረቄ ነው።

እኛ ቤት ቀሪቦ እንጂ አረቄ አይገባም። ጎረቤታችን እትዬ ግን አረቄ ያወጡ ስለነበር እያየሁ አደግሁ። የጌሾና የብቅሉን ድፍድፍ እንስራ ውስጥ ጨምረው ይጥዱታል። አፉን ይከድኑና በጭቃ ይመርጉታል። እንፋሎቱ በሸምበቆ ያልፍና ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ወደተቀመጠው ዕቃ ጠብ ጠብ ይላል። እሳቱ ከበረታ ድፍድፉ ሥር ይይዛል፣ አረቄውም ጭስ ጭስ ይላል። ያን ጊዜ «ወይኔ፣ አረረብኝ!» ይላሉ። የቀኑ ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው።

አረቄ የሚለው ቃል ደግሞ ከዐረብኛው «ዐረቅ» የመጣ ነው፤ ላብ ማለት ነው። ሸምበቆው ጫፍ ላይ ጠብታዋ እንደ ግንባር ላብ ስትንጠለጠል ላየ ሰው ስሙ ወዲያው ይገባዋል። ሆላንዱ ከሥር ያለውን እሳት አይቶ ሰየመ፣ ዐረቡ ከጫፍ ያለውን ጠብታ።

ስለዚህ «የወይን አረቄ» ብንለውስ? አሠራሩ አንድ ነው። አልኮል በ78 ዲግሪ ይፈላል፣ ውኃ በ100 (ደሴ ላይ በከፍታው ምክንያት ሁለቱም ዝቅ ይላሉ)። ወይን ጠጁ ሲሞቅ ቀድሞ በብዛት የሚተነው አልኮሉ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ኮኛክ የሚባለው አገር በመዳብ ዕቃ ሁለት ጊዜ ያወጡታል። አልኮሉ መጀመሪያ 30 በመቶ ገደማ ይሆናል፣ ሲደገም 70 ገደማ። ይሄ የእኛው «ዳግም» አይደል? ሲወጣ እንደ ውኃ ጥርት ያለ ነው። ቡናማ ቀለሙን በዋናነት የሚሰጠው የኦክ እንጨት በርሜሉ ነው፤ ኮኛክ ተብሎ ለመሸጥ እዚያ ውስጥ ቢያንስ 2 ዓመት መክረም አለበት። ቀጥሎ በውኃ አቅጥነው ወደ 40 በመቶ ያወርዱታል። «ኮኛክ» የአገሩ ስም ስለሆነ ለሁሉም ብራንዲ አይሆንም።

እታለም፣ አንቺ ያቀረብሽው «ንጥር ወይን» ለጆሮ ያምራል። የሳይንስ መጽሐፍም እንዲህ በእንፋሎት ማውጣትን «ማንጠር» ይለዋል። ግን ቅቤ ስናነጥር የምንፈልገው ድስቱ ውስጥ የቀረውን ነው። አረቄ ላይ የምንፈልገው የወጣውን ነው፤ እንስራው ውስጥ የቀረው አተላ ለከብት ይሰጣል። ለዚህ ነው እትዬ «አረቄ አነጠርኩ» ብለው የማያውቁት። «አወጣሁ» ነው የሚሉት።

ላስታና የጁ ያላችሁ፣ ዳግሙን በሌላ ስም የምትጠሩት ከሆነ ጻፉልኝ።