የብድር ወረቀት ላይ አንድ ምስክር ብቻ ቢፈርምስ?

ሰላም ለሁላችሁ፤ ክስ ለማርቀቅ ተቀምጬ አንድ ነገር ላይ ቆሜያለሁ። ወረቀቱ «80,000 ብር ተበድሬያለሁ፤ በስድስት ወር እመልሳለሁ» ይላል። የተበዳሪው ፊርማ አለ። ለምስክር ከተተዉት ሁለት መስመሮች ግን አንዱ ባዶ ነው።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ ወይም ፍርድ ቤት በተደረገ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ብቻ ነው ይላል። (500 ብር! የ1952 ዓ.ም. ሕግ መሆኑ እዚህ ላይ ያስታውቃል።) ስለ ምስክር ትንፍሽ አይልም። ቁጥር 1727 ደግሞ በጽሑፍ እንዲሆን የታዘዘ ውል ሁለት ምስክሮች ካልፈረሙበት አይጸናም ይላል። ታዲያ 2472 የማስረጃ ደንብ ነው (ብድሩ በምን እንደሚረጋገጥ ብቻ የሚናገር) ወይስ የውል ፎርም (ውሉ እንዲጸና በጽሑፍ ይሁን የሚል)? ያሰረኝ ይሄ ነው።

ገንዘቡ የተላለፈው በባንክ ነው፤ ደረሰኙ አለ፣ «ምክንያት» የሚለው ቦታ ግን አልተሞላም። ተበዳሪው «የዕቃ ዋጋ ነው» ቢለኝስ? የ10 ዓመቱ ይርጋ (የክስ ማቅረቢያ ጊዜ ገደብ) ገና አላለፈም። ወረቀቱንና ደረሰኙን ብቻ አያይዤ ልክሰስ ወይስ በአማራጭ መሐላም ልጠይቅ? የሰበር (የሕግ ስህተት የሚያርመው የመጨረሻ ችሎት) ውሳኔ የምታውቁ የታተመበትን ቅጽና የመዝገቡን ቁጥር ጠቁሙኝ።