የእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት፦ ስድስት ወር ሙሉ መጽሐፍ ማገዱ?

ታዛቢ፦ ትናንት ሬዲዮ ላይ አንድ እንግዳ «የእስክንድርያን ቤተ መጻሕፍት አረቦች አጋዩት፤ በመጻሕፍቱ 4,000 መታጠቢያ ቤት ስድስት ወር ሙሉ ሞቀ» አለ። አዘጋጁም «አቤት!» ብሎ አለፈ። ኧረ ጎበዝ! አረቦቹ የገቡት በ642 እ.ኤ.አ. ነው። ወሬው ብቅ ያለው ከ500 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

የሸዋው፦ ወሬውን የጻፉት እኮ የአረብኛ ጸሐፊዎቹ አብዱልለጢፍ አልባግዳዲና ኢብን አልቂፍጢ ናቸው። ሁለቱም ሙስሊም። ሰው በገዛ ወገኑ ላይ ይዋሻል?

ታዛቢ፦ ስድስት ወር! እስቲ አስላው። ትልቁን ግምት፣ 700,000 የመጽሐፍ ጥቅል ውሰድ። ለ4,000 ቤት፣ ለ180 ቀን አካፍል። ላንዱ ቤት በቀን አንድ ጥቅል እንኳ አይደርሰውም። በዚያ ቡናም አይፈላ።

ጨዋታ፦ ብራና ደግሞ መች ደህና አድርጎ ይነዳል? ይገማል እንጂ።

የሸዋው፦ የዚያ ዘመን የግብፅ መጽሐፍ በአብዛኛው ፓፒረስ፣ ከደንገል የሚሠራ ወረቀት ነው። መጀመሪያ እሱን እወቅ። ቁጥሩ ተጋነነ ማለት ደግሞ እሳት አልነበረም ማለት አይደለም።

መሪጌታ፦ ዮሐንስ ዘኒቅዮስን ያነበበ የለም? ግብጻዊ ጳጳስ ነው፣ የዚያው ክፍለ ዘመን ሰው። ዜና መዋዕሉ ዛሬ የሚገኘው በእኛ ግዕዝ ብቻ ነው። አረቦቹ በኒቅዮስ ከተማ የፈጁትን ሕዝብ ይናገራል። ስለ መጻሕፍት ቃጠሎ ግን አንዲት ቃል የለችም።

የሸዋው፦ መሪጌታ፣ አከብርዎታለሁ። ግን መጽሐፉ መሃሉ ጎዶሎ ነው።

መሪጌታ፦ የጎደለው እነሱ ከመምጣታቸው በፊት ያለው 30 ዓመት ግድም ነው። እስክንድርያ እጅ የሰጠችበት አለ። ገልጠህ እይ።

ሰናይት፦ የሮማው ጁሊየስ ቄሳርስ? ከክርስቶስ ልደት በፊት በ48 ወደቡ ላይ መርከቦች ሲያቃጥል እሳቱ ወደ ከተማው ዘለቀ። ከዚያ በፊትም የግብፁ ንጉሥ ስምንተኛው ጴጥሎሚዎስ ምሁራኑን አባሯል። በ272 እ.ኤ.አ. ደግሞ የሮማው ንጉሠ ነገሥት አውሬሊያን ቤተ መጻሕፍቱ የነበረበትን የቤተ መንግሥቱን ሰፈር አወደመው። ለአረቦቹ ምን ተረፈና?

ታዛቢ፦ በ391 እ.ኤ.አ. የሆነውስ? የእስክንድርያው ፓትርያርክ ቴዎፍሎስ መጻሕፍት ይቀመጡበት የነበረውን ቤተ ጣዖት፣ ሴራፔዩምን ሲያስፈርሱ? እሱ ሲነሳ ሁሉም ዝም!

የሸዋው፦ እሱን ተው። የፈረሰው ቤተ ጣዖት ነው። መጽሐፍ ሲነድ አየሁ ያለ የዘመኑ ሰው አምጣ።

ሰናይት፦ አሃ! አሁን የዘመኑ ምስክር አማረህ? ለአረቦቹ ጊዜ ከ500 ዓመት በኋላ የመጣው በቅቶህ ነበር።

የሸዋው፦ ሁለቱ አይገናኙም።

ጨዋታ፦ እንዴት?

የሸዋው፦ አንተ ብራናና ፓፒረስ ለይተህ ና።