በቆሎው ወደ ብርሃን አልታጠፈም፣ ትሉም ከብርሃን አልሸሸም፤ ስህተቱ የት ነው?

የጣና ዳር መምህር
ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ውስጥ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሁለት ሙከራዎች አዘጋጅተን ሁለቱም አልሠሩም። በመጀመሪያው፣ ከተዘራ ስምንት ቀን የሆነው በቆሎ በአንድ ጎኑ ቀዳዳ ባለው የጫማ ካርቶን ውስጥ ገባ፤ የግማሾቹን ጫፍ በፎይል ሸፈንን። በማግስቱ ሁሉም ቀጥ ብለው ተገኙ። በሁለተኛው፣ 10 የምድር ትሎች ግማሹ በተሸፈነ ትሪ ላይ ከአንዱ ጠርዝ ተለቀቁ፤ 6ቱ ብርሃኑ ውስጥ ቀሩ። ደግሞም ተማሪዎቹ «ተክልም ትልም ለብርሃን ምላሽ ከሰጡ ልዩነታቸው ምንድን ነው?» ይላሉ።

ቡቃያ
መምህር፣ በቆሎው አርጅቶብዎታል። ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ የምትለየው ከአፈር ቀድማ የምትወጣው ሾጣጣ ሽፋን፣ ኮሊዮፕታይል፣ ናት፤ በተለይ ጫፏ። ቅጠሉ ሽፋኗን ቀዶ ከወጣ በኋላ እሷ ማደጓን ታቆማለች። የተክል መታጠፍ ደግሞ ራሱ እድገት ነው፦ ኦክሲን የተባለው ሆርሞን ከጫፏ ሲወርድ ወደ ጥላው ጎን ያደላል፣ በዚያ ጎን ያሉት ሴሎች ይበልጥ ይረዝማሉ፣ ቡቃያውም ወደ ብርሃኑ ያጋድላል። እድገቱን የጨረሰ አካል በምን ይታጠፋል? በስምንተኛው ቀን ፎይሉ ያረፈው ቅጠል ላይ ነው።

40 ፍሬ ለ12 ሰዓት ዘፍዝፈው፣ እርጥብ አሸዋ ውስጥ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ቀብረው ጨለማ ውስጥ ያቆዩት። የሚያስፈልገው 24 ነው፤ ነቀዝ የበላው ስለማይጠፋ ነው ያበዛሁት። ቀለም ያለው፣ መድኃኒት የተቀባ ዘር ለተማሪ አይስጡ፤ ከገበያ የተገዛ የእህል በቆሎ ይበቃል። ኮሊዮፕታይሏ 2 ሳንቲ ሜትር ስትሆን ሙከራውን ይጀምሩ። በሙቀቱ ወራት አራት ቀን ገደማ ይፈጃል፤ በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ስለሚበርድ ይዘገያል። ስለዚህ ርዝመቷን እንጂ ቀኑን አይጠብቁ።

ከዚያ ስምንት ስምንት አድርገው ይክፈሉ። አንዱ ቡድን ምንም አይደረግበት። የሁለተኛው ጫፍ 5 ሚሊ ሜትር ያህል በፎይል ቆብ ይሸፈን። ሦስተኛው ጫፉ ተገልጦ ከታች ወገቡ በፎይል ይጠቅለል። ቻርልስ ዳርዊንና ልጁ ፍራንሲስ እ.ኤ.አ. በ1880 ያሳተሙት ሙከራ ሐሳብ ይኸው ነው። ሦስተኛውን ቡድን እንዳይተዉት፤ እሱ ከሌለ ተማሪው «የከለከለው የፎይሉ ክብደት ነው» ቢል መልስ የለዎትም። ቆቡን መጀመሪያ በክብሪት እንጨት ላይ ጠቅልለው ቅርጽ ያስይዙትና ቀስ ብለው ያጥልቁት። ጫፏ በጣት ከተጨፈለቀች ቡቃያዋ አትጠቅምም።

የካርቶኑ ውስጥ ጥቁር ይቀባ፤ ነጭ ግድግዳ ብርሃኑን መልሶ ወደ ጥላው ጎን ይረጨዋል። ቀዳዳው 1 ሳንቲ ሜትር ሆኖ በጫፎቹ ቁመት ትክክል ይሁን። ቀጥታ ፀሐይ ላይ አያስቀምጡት፣ ውስጡ ይግላል። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ለውጡን ያያሉ፤ በየ30 ደቂቃው በስልክ ፎቶ አንስተው አንግሉን በፕሮትራክተር ይለኩ።

ጥቁር አፈር
የትሉን እኔ ልመልስ። ከጠርዝ መልቀቅ ነው ያበላሸው፤ የምድር ትል ግድግዳ ሲነካ ጠርዙን ተከትሎ መሄድ ይወዳል። ከመሃል፣ በብርሃኑና በጥላው ድንበር ላይ፣ አንድ በአንድ ይልቀቁ።

ሌላው እርጥበት ነው። ትል የሚተነፍሰው በእርጥብ ቆዳው ስለሆነ፣ መብራቱ ያለበት ጎን ውኃ ካቆረ እዚያው ይቀራል፤ መብራቱ ካሞቀውና ካደረቀው ደግሞ ሸሽቶ ይሄድና ከብርሃን የሸሸ ይመስላችኋል። ሁለቱም ጎን እኩል የረጠበ ሶፍት ይነጠፍ፤ መብራቱ የማይሞቅ ኤልኢዲ ሆኖ 30 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ከአምስት ትሎች በኋላ ትሪውን አዙሩት፤ የትሉ ዝልግልግ ዱካ የሚቀጥለውን እንዳይመራው ሶፍቱም በየትሉ ይቀየር። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለው ክዳኑን ከፍታችሁ አንድ ቀን አሳድሩት። እያንዳንዱን ከ5 ደቂቃ በላይ አታቆዩት፣ ከዚያ ወደ አፈሩ ይመለስ።

ትል ፍለጋ ተማሪዎችን ሐይቁ ዳር ጭቃ ውስጥ እንዳታስገቧቸው። በጣና ዙሪያ ቢልሃርዝያ አለ፤ ጥገኛው በቆዳ በኩል ነው የሚገባው። ግቢ ውስጥ ውኃ የሚጠጣ የሙዝ ተክል ሥር ቢቆፈር በቂ ትል ይገኛል።

የጣና ዳር መምህር
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቡቃያውን ለማየት ካርቶኑን ስከፍት ብርሃን አይገባም ወይ?

ቡቃያ
ይገባል። ክፍሉን አጨልመው በቀይ ሴሎፎን ድርብርብ በተሸፈነ ባትሪ ይዩት። ቡቃያውን የሚያጥፈው በዋናነት ሰማያዊው ብርሃን ነው። የምድር ትልም ቀዩን እምብዛም ስለማያውቀው ያው ባትሪ ለሁለቱም ይሆናል።

ለተማሪዎቹ ጥያቄ ደግሞ፣ የሁለቱም ሙከራ አጋማሽ ላይ ብርሃኑን ወደ ተቃራኒው ጎን ያዙሩት። ትሉ በነርቭና በጡንቻ ስለሚንቀሳቀስ ሙሉ ሰውነቱን ወዲያው ያዞራል። ቡቃያው ግን አዲሱ እድገት ወደ አዲሱ ብርሃን ሲያጋድል፣ ታች እድገቱን የጨረሰው ክፍል እንደታጠፈ ይቀራል። ፎቶው ላይ «ኤስ» የምትባለው የላቲን ፊደል ቅርጽ ይወጣል፤ ተማሪዎቹ ያችን ቅርጽ ራሳቸው ይሳሏት።