ክርክር፦ ከተማ የአንድ ኩባንያ ንብረት መሆን አለበት?

ሳምሪ፦ አሜሪካ፣ ኦሪገን ግዛት ያላችሁ ምናልባት ሰምታችሁ ይሆናል፣ ቫልሴትዝ የምትባል ከተማ ነበረች። ከግዛቷ ዋና ከተማ ከሴለም በስተምዕራብ፣ ተራራው ውስጥ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ አካባቢ የእንጨት መሰንጠቂያ ኩባንያ ለሠራተኞቹ የቆረቆራት ናት። ቤቱም፣ ሱቁም፣ ግንድ የሚንሳፈፍበት ኩሬም የኩባንያው። መጨረሻ ላይ የያዛት ቦይዚ ካስኬድ የተባለ ኩባንያ በ1984 እ.ኤ.አ. መሰንጠቂያውን ዘጋ፤ ከተማዋንም አፈረሳት። ዛሬ ብትሄዱ ጫካ ነው የምታገኙት። ሰው ወልዶ ያሳደገበትን ሰፈር እንደ አሮጌ መጋዘን ማፍረስ ይገባል? እኔ በፍጹም አይገባም ባይ ነኝ።

ዳኒ፦ ሳምሪዬ፣ እኔ ደግሞ ይገባዋል እላለሁ። መሬቱ የኩባንያው፣ ቤቱ የኩባንያው። ገና ከመነሻው ከተማዋ የተሠራችው ለመሰንጠቂያው ነው። መሰንጠቂያው ከቆመ የውሃውን፣ የመብራቱን፣ የመንገዱን ወጪ ማን ይሸፍናል? ቦታውንም አትርሺ። በዓመት 3 ሜትር ገደማ ዝናብ የሚወርድበት፣ በኮረኮንች መንገድ ካልሆነ የማይደረስበት ተራራ ነው። ሥራ የሌለው ሰው እዚያ ምን ይዞ ይቀመጣል?

ቢኒ፦ እኔ ኩባንያውን አልወቅስም። የኦሪገንን የእንጨት ከተሞች የገደለው ጉጉት የሚኖርበት ጫካ እንዳይቆረጥ ያለው ያ የጉጉት ሕግ ነው። ጉጉት ለማዳን ብለው ስንቱን ቤተሰብ በተኑ!

የሺ፦ ቢኒ ወንድሜ፣ እስቲ ዓመቱን እንይ። ነጠብጣቧ ጉጉት በሕግ ጥበቃ የሚደረግላት ሆና የተመዘገበችው በ1990 ነው። ቫልሴትዝ የተዘጋችው በ1984። ከስድስት ዓመት በፊት! ያኔ ስለ ጉጉት የሚከራከር ፍርድ ቤት አልነበረም።

የሆነው ሌላ ነው። በ1981 የአሜሪካ የቤት ብድር ወለድ ከመቶ 18 አለፈ። በዚያ ወለድ ተበድሮ ቤት የሚሠራ ሰው የለም። ቤት ካልተሠራ ጣውላ የሚገዛ የለም። ጣውላ ካልተሸጠ መሰንጠቂያው ይቆማል። በዚያ ላይ ድሮ ብዙ ሰው የሚሠራውን ሥራ ማሽን ወሰደው። ሳይሰነጠቅ በመርከብ ወደ ጃፓን የሚጫነው ግንድም ቀላል አልነበረም፤ ዛፉ ከዚህ ይቆረጣል፣ የመሰንጠቁ ሥራ ግን እዚያ ማዶ ነው። ያረጁት ግዙፍ የዳግላስ ፈር ዛፎችም በሰባ ዓመት መጋዝ ተመናምነዋል። ከ1990 በኋላ የተዘጉትን በተመለከተ፣ የጉጉቷ ውሳኔ እንደጎዳቸው አልክድም። የቫልሴትዝን ግን በእሷ አታሳብብ።

ቢኒ፦ እሺ፣ ስለ ቫልሴትዝ ተቀብያለሁ። ስለ ቀሩት ግን ያልኩትን አልለቅም።

ሳምሪ፦ እኔን የሚያንገበግበኝ የሰዉ ነገር ነው። በ1937 አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ለዚያች ከተማ ጋዜጣ ማውጣት ጀመረች። የዘጠኝ ዓመት ልጅ! ወሬው ከኦሪገን አልፎ አገር ምድሩ አነበበው። ጋዜጣ ያለው ሰፈር፣ ትምህርት ቤት ያለው ሰፈር፣ እንዴት «የምርት ወጪ» ተብሎ ይሰረዛል? ነዋሪው ቢያንስ ቤቱን የመግዛት ቅድሚያ ሊሰጠው ይገባ ነበር።

ሄኖክ፦ የሳምሪ ሐሳብ የማይሆን ነገር አይደለም። ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ራይደርውድ የምትባል ከተማ አለች። ሎንግ ቤል የተባለው ኩባንያ በ1923 ለግንድ ቆራጮቹ የሠራት ናት። በ1953 ሥራው አበቃ። አላፈረሷትም፤ ከተማዋ እንዳለች ተሸጠች፣ የጡረተኞች መንደር ሆነች። እስከ ዛሬ ሰው ይኖርባታል።

ዳኒ፦ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ግን ልብ በል። ራይደርውድ የተረፈችው ገዢ ስለተገኘ ነው። ቤቶቹ ተረፉ እንጂ ግንድ ቆራጮቹ የትም ተበትነዋል። ሳምሪ የምታዝንላቸው ሰዎች እዚያም አልተረፉም።

የሺ፦ ዳኒ፣ ነገሩ እዚያ ጋ ነው። ሠራተኛው የሚኖርበት ቤት የእሱ አልነበረም። ሃያ ዓመት ኪራይ ከፍሎ ሲወጣ የሚሸጠው አንድ ክፍል የለውም። ቬርኖኒያን ተመልከት፣ እሷም ኦሪገን ናት። ትልቁ መሰንጠቂያዋ በ1957 ተዘጋ፤ ከተማዋ ግን አለች። መሰንጠቂያው ሳይመጣ በፊት የራሷ ማዘጋጃ ቤት ነበራት። ሰዉም የራሱ ቤት ነበረው። ሥራው ሲጠፋ ሌላ ቦታ እየሠራ ማታ ቤቱ ይገባል።

ዳኒ፦ ቬርኖኒያ እኮ ለፖርትላንድ ትቀርባለች፣ የሺ። በመኪና ተመላልሶ መሥራት ይቻላል። ከቫልሴትዝ ማን ይመላለሳል?

የሺ፦ ልክ ነው፣ ብዙው ሰው ይወጣ ነበር። ግን ካሳ ይዞ፣ ጊዜ ተሰጥቶት ይውጣ። ትልልቅ ድርጅቶች ሠራተኛ ከማሰናበታቸው 60 ቀን አስቀድመው እንዲያሳውቁ የሚያስገድደው የፌዴራል ሕግ የወጣው በ1988 ነው፤ ለቫልሴትዝ አልደረሰም። እሱም ቢሆን ስለ ሥራ እንጂ ስለ ቤት አያወራም። የኩባንያ ቤት የሚኖር ሰው በአንድ ቀን ሥራውንም ጣሪያውንም ያጣል፤ ስለዚህ ሕጉ ለሁለቱም ይጻፍ።

ሳምሪ፦ እኔም የምለው ይኼንኑ ነው። ዳኒ፣ ለነዋሪው ቅድሚያ ይሰጥ የሚለውንስ ትቃወማለህ?

ዳኒ፦ ቅድሚያውን አልቃወምም። የውሃ መስመሩን ማን ይጠግናል ለሚለው ግን መልስ አምጡልኝ።