ሪሞት ያለው የጣሪያ ፋን ኮርኒስ ላይ ይታሰራል?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነኝ። ሙቀቱ እናቴን ስላስጨነቃት ሪሞት ያለው ፋን ገዛሁላት። ቤታችን ቺፑድ ኮርኒስ ነው። ግድግዳው ላይ የድሮው ፋን ፍጥነት መቀነሻ ማዞሪያ አለ። እሱንስ ልተወው?

መልስ፦ እህቴ፣ ኮርኒስ ላይ በፍጹም እንዳታሳስሪው! ፋን ሲዞር ይንቀጠቀጣል፤ ቺፑድ ያንን አይችልም። ኤሌክትሪሻኑ ከኮርኒሱ በላይ ካለው ወፍራም እንጨት ጋር በብሎን ይሰረው። ማዞሪያው ይውጣ። የሪሞቱ መቀበያ ሙሉ 220 ቮልት ነው የሚፈልገው፤ በማዞሪያ የተቀነሰ ኃይል ያበላሸዋል። በምትኩ ተራ ማብሪያ ማጥፊያ ይግባ። ሪሞት ፋኑን ቢያቆመውም መስመሩን አያቋርጥም። ስለዚህ ለማጽዳት ስትወጪ ከብሬከሩ አጥፊ። አረንጓዴና ቢጫው የኧርዝ ሽቦም ሳይታሰር እንዳይቀር። ብዙ ባለሙያ ቆርጦ ይተወዋል፣ ያናድደኛል።

ሌላ መልስ፦ ክንፉ ከወለሉ ቢያንስ 2.1 ሜትር ይራቅ። ተደራራቢ አልጋ ካለ ከሱ በላይ አይሁን።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ሲዞር ቢወዛወዝስ?

መልስ፦ ወዲያው አጥፊው። መጀመሪያ የክንፎቹ ብሎኖች ይጥበቁ። ከዚያ የእያንዳንዱን ክንፍ ጫፍ ከኮርኒሱ በሜትር ለኪ፤ አንዱ ዝቅ ካለ ክንፉ ወይም ክንፉን የያዘው ማቀፊያ ጎብጦ ሊሆን ይችላል።